ከሾላው በታች ያለው ውሃ

…እርጥበት ነው፣ እርጥበት ብቻ ነው፣ ነሐሴ ላይ የማይረጥብ የትኛው አፈር ነው፣ ጥቁር አፈር ደግሞ ይይዛል፣ የሦስት ቀን ዝናብ አፍኖ ይይዛል፣ ስለዚህ ካሳ በአካፋው ያወጣው ጭቃ ቢያብረቀርቅ ምንም ማለት አይደለም፣ ምንም፣ ሙህሲን ለራሱ እንዲህ እያለ ከመቃብሩ አፍ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ዶማ አያስነኩትም፣ የቅሬ ደንብ ነው፣ ቅሬ እዚህ አገር የሰፈሩ የቀብር ማኅበር ነው፣ መስጊድ የሚሄድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሳይል የሞተን ሁሉ ይቀብራል፣ ሀዘንተኛን ግን አያስቆፍርም፣ ሀዘንተኛ ይቀመጣል፣ ሰው ያጽናናዋል፣ እሱ መቀመጥ አልቻለም፣ እናቱ ሳሊሀ ዛሬ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ሞታለች፣ ቤት ውስጥ ሴቶቹ እያጠቧት ነው፣ እና እሱ እዚህ ቆሞ ምን ይሠራል፣ ይለካል። የእናቱን መቃብር በዓይኑ ይለካል። ሁለት ክንድ ከስንዝር። ሦስት ሊሞላ ነው።

ዓይን አንዴ መለካት ከለመደ አይተውም፣ ሬሳም አያሳፍረውም።

ኧረ ይሄ ነገር፣ ይላል ካሳ ከውስጥ፣ እግሩን ሊያነሳ ይሞክራል፣ ጭቃው ጫማውን ይጠባበትና ያስቀረዋል፣ ካሳ በአንድ እግሩ ቆሞ ወደ ላይ ያያል፣ አቦ ኢንጅነር፣ ይሄ ላቤ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? ካሳ አብሮ አደጉ ነው፣ የሰፈሩ ቀልደኛ፣ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን፣ ለሳሊሀ መቃብር ግን ማንም ሳይጠራው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ መቃብር ውስጥ ገብቶም መቀለድ አልተወም፣ ማንም አይስቅም፣ እሱም አይስቅ፣ ፊቱ ላይ ቀልዱ እንደተሰቀለ ቀርቷል።

ላብህ ነው፣ ይለዋል ሙህሲን።

ኢንጅነር ይሉታል። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ኢንጅነር። የውሃ ሼህ የሚሉትም አሉ፣ ጥምጣም ብቻ ነው የቀረህ እያሉ፣ አይከፋውም፣ ይወደዋል እንዲያውም፣ ሰው ጠርቶ ና እስቲ ስለ ውሃ ንገረን ሲለው ልቡ ይዘላል፣ ከየት ልጀምርላችሁ ይላል፣ ከየት ልጀምር፣ ያስረዳል፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ድንጋይ እየደረደረ፣ መሬት ላይ እየጫረ፣ ሰው እያዛጋ እንኳ አይተውም፣ በዓለም ላይ ሲያስረዳ እስከ መጨረሻው የምታዳምጠው አንድ ሰው ነበረች፣ እሷ ደግሞ አሁን።

አሁን ቤት ናት። ሲጨርሱ ትመጣለች። በቃሬዛ።

ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት፣ ባለፈው ጁምዓ፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ከሰልዋዬ ጎን አርገኝ አለችው፣ ጎኗ፣ ሌላ የትም እንዳታረገኝ፣ ወላሂ በል፣ ወላሂ አለ፣ ምን ነበረበት ወላሂ ቢል፣ ሰልዋ ታናሽ እህቱ ናት፣ በሰባት ዓመቷ ሞተች፣ ከሞተች ደግሞ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ፣ ኖራ የጨረሰችውን ያህል ሞታ ጨረሰች፣ መቃብሯ ይኸውና፣ ካሳ ከቆመበት አንድ እርምጃ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ያለ፣ የልጅ መቃብር የማይመስል፣ የክምር ያህል፣ አፈሩን እናቱ ናት በሳፋ እያመላለሰች የከመረችው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቃትም።

አልጠየቃትም።

ውሃ ነው፣ ይላል ከውስጥ ካሳ፣ አሁን ቀልድ የለበትም።

ሙህሲን ሁለቱን እርምጃ ይራመዳል፣ ወደ ውስጥ ያያል፣ ጥቁሩ አፈር አልቆ የአለቱ ግንባር ብቅ ያለበት ቦታ ላይ፣ በስተጋራው በኩል፣ ስንጥቅ አለ፣ ጣት የማታስገባ፣ ከሷ የክር ያህል ውሃ ይወርዳል፣ ጥርት ያለ፣ ድምፅ እንኳ የለው፣ የካሳ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ተኝቶ ሰማይ ያሳያል። ቆንጆ ነው። አላህ ይቅር ይበለው፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ ይሄ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ልክ ነበርሁ፣ በዚህ በኩል ነው የሚመጣ ብዬ ነበር።

ብሎ ነበር። ለሰው ሁሉ ብሏል። ካምፓኒው ጥሎ ሲሄድ ሰው ሁሉ ውሃችን በዚያው ቀረ ብሎ ሲያለቅስ የለም ያለው እሱ ነው፣ ካምፓኒው የሚሉት ከመንደሩ በላይ ያለውን ጋራ ሆዱን ለስምንት ዓመት የቆፈረው የማዕድን ጉድጓድ ነው፣ እነሱ መዳብ ነው አሉ፣ ሰዉ ወርቅ ነው አለ፣ ምኑም ይሁን ጉድጓዱ ወርዶ ወርዶ ከውሃው በታች ሆነ፣ ሠራተኛው እንዳይሰጥም ፓምፕ ተከሉ፣ ፓምፑ ያለ ዕረፍት ጠባ፣ መጀመሪያ ምንጩ ደረቀ፣ ቀጥሎ ኤላው፣ ኤላ ማለት የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ነው፣ በራያ የድሮ ሰዎች አፍ፣ አባቶች በእጃቸው አለት ፈልፍለው ያወጡት፣ በሁለተኛው ዓመት ሃያ አራት ክንድ ገመድ ቢለቁበት ባልዲው ደረቅ ድንጋይ መትቶ ተመለሰ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ካምፓኒው በአንድ ሌሊት ነቅሎ ሄደ፣ ፓምፑ ዝም አለ፣ ሙህሲን ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ባዶው ካምፕ ገብቶ ሌላው ልጅ ቆርቆሮና ሽቦ ሲለቅም እሱ የመሬት ሥር ውሃ መጽሐፍ አገኘ፣ የካምፓኒው መሬት ለኪ ሰርቬየሩ የጣለው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ እንግሊዝኛው ከብዶት በመዝገበ ቃላት አንድ ገጽ በሦስት ቀን፣ ግን ሥዕል ነበረው፣ ሥዕሉ ቋንቋ አልነበረውም።

አለት ስፖንጅ አይደለም። ሰው ከመሬት ሥር ሐይቅ ተኝቶ ያለ ይመስለዋል፣ የለም፣ ስንጥቅ ነው ያለ፣ ፀጉር የሚያህል፣ ገለባ የሚያህል፣ አንዱ ካንዱ ተያይዞ፣ ውሃ እዚያ ውስጥ ነው የሚኖር፣ አንድ ቦታ ብትጠባ ዙሪያው ሁሉ ይሰረጉዳል፣ እህል ከጆንያ በቀዳዳ ሲፈስ መሃሉ እንደሚሰረጉደው፣ ቀዳዳውን ስትደፍን ደግሞ ይመለሳል፣ ቀስ እያለ፣ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ ወደ ድሮ ከፍታው፣ አለት ውስጥ ቦታ ጠባብ ነውና አንድ ደህና ዝናብ ብዙ ከፍ ያደርገዋል፣ በርሜል ላይ አንድ ጆግ ብትጨምር አታየውም፣ ሀይላንድ ውስጥ ብትጨምር አንገቱ ላይ ይደርሳል፣ ገባህ? ገባሽ እማ? ገብቶኛል የኔ ሆድ፣ ቀጥል።

ቀጥል ትለው ነበር።

ገመዱን በየክንዱ ቋጠረ፣ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ኤላው ላይ ይለቃል፣ ይቆጥራል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ ከኋላው ተሰለፈ፣ ዛሬስ ስንት አለ ኢንጅነር፣ አምና ነሐሴ አራት ሆነ፣ ከኤላው አፍ አራት ክንድ ብቻ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሱ እየሮጠ ቤት ገባ፣ እማ አራት ገባ አራት!

አራት።

እዚህ ላይ ሐሳቡ ይቆማል፣ እንደ በቅሎ፣ አልሄድም ይላል፣ ይጎትተዋል፣ ኤላው ከመቃብሩ ስንት ይርቃል፣ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ያውቀዋል፣ የኤላው አፍ ከመቃብሩ መሬት በስንት ከፍ ይላል፣ በአንድ ክንድ፣ ይህንንም ያውቃል፣ በሀይላንድና በቀጭን ቱቦ ራሱ ነው የለካው፣ ውሃው ከኤላው ወደዚህ እንጂ ከዚህ ወደ ኤላው እንደማይሄድ ሊያረጋግጥ፣ ሰው ከመቃብር የመጣ ውሃ እንዳይጠጣ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፣ እንዲህ ተጠንቅቆ ነበር፣ አራት ሲቀነስ አንድ ሦስት። የሰልዋ መቃብር ስንት ክንድ ወረደ። ሦስት ተኩል።

አንድ የመቀነስ ሂሳብ ነው። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። እሱ አልሠራውም፣ ለሕያው አሰበ ለሟች አላሰበም፣ እልል ያሉ ዕለት፣ እሱ እየሮጠ ቤት የገባ ዕለት፣ ግማሽ ክንድ።

ግማሽ ክንድ ውሃ ውስጥ ነበረች።

እና እናቱ ያን ዕለት ምን አለች፣ ማሽላ እያበጠረች ነበር፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና የት ድረስ ይመጣል አለች፣ አራት ገባ እኮ ነው የምልሽ እማ፣ እሺ የኔ ሆድ ግን የት ድረስ ነው የሚመጣ፣ አቤት ደስታው፣ ጥያቄ ጠየቀችው፣ እናቱ የውሃ ጥያቄ ጠየቀችው፣ ማሽላውን ከሰፌዱ ላይ አፍሶ ጋራ ሠራ፣ በጣቱ ካምፓኒውን ቆፈረ፣ ውሃው እንዴት እንደሚመለስ፣ ድሮ የነበረበት ድረስ እማ፣ ከፓምፑ በፊት የነበረበት ድረስ፣ አንዲት ስንዝር አይጎድልም፣ ብሎ አስረዳት፣ ጥሩ አድርጎ፣ ማንም ያን ያህል አሳምሮ አላስረዳም፣ እሷ የማሽላውን ጋራ እያየች ቆየች፣ ሱብሃነላህ አለች። በደስታ ነው ብሎ ተረዳው።

በማግስቱ ሳፋ ይዛ ወጣች።

ሙህሲን! የቅሬው ዳኛ አባ ውዱ ናቸው፣ ከሾላው ሥር ተነስተው በምርኩዛቸው እየመጡ ነው፣ ሾላው ከላይ ነው፣ በሾላውና በኤላው መሃል ያለችው ሰርጓዳ ናት ይህች፣ ካሳና ሦስቱ ሰዎች የሚቆፍሩባት፣ ድሮ የቀብር ቦታ አልነበረችም፣ ከሾላው በታች ሬሳ አይቀመጥም የሚል የአባቶች ቃል ነበረ፣ ለምን እንደሆነ ግን ቃሉ አይናገርም፣ አይቀመጥም ብቻ ነው የሚል፣ ካምፓኒው በመጣ ጊዜ ሰርጓዳዋ ደረቀች፣ አፈሯ ለዶማ እንደ ቂቤ ሆነ፣ የላይኛው ደግሞ አለት፣ አንድ መቃብር ሁለት ደጅኖ ያጣምማል፣ አባ ውዱ ምን አስደከመን አሉ፣ ታች ቆፍሩ አሉ፣ በእነዚያ ዓመታት አሥራ አንድ ሰው እዚህ ተቀበረ፣ አንዷ ሰልዋ ናት፣ የካምፓኒው ዘመን ኤላው ደርቆ ሴቶቹ ከወንዝ አሸዋ ጭረው ያመጡትን ድፍርስ ጠጥታ፣ ሁለት ቀን ሲያስመልሳት ሲያስቀምጣት ቆይታ፣ ከዋጃ ባጃጅ አስመጥተው ቆቦ ሐኪም ቤት ሳትደርስ፣ መንገድ ላይ፣ እናቱ ጉልበት ላይ። ሌላዋ የአባ ውዱ ሚስት ናቸው። ሦስት መቃብር ወዲያ።

አባ ውዱ ከአፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ብዙ ያያሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሳይፈልጉት ወደ ሦስተኛው መቃብር ይሄዳል፣ ሌሎቹም ሰዎች አንድ በአንድ ዶማቸውን ያወርዳሉ፣ እያንዳንዱ ወደየሟቹ ያያል፣ ውሃው ብቻ ነው የሚሠራ።

አብሽር ልጄ፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ አብሽር፣ አንተ የምታውቅ ነህ፣ ቢቀዳ ያልቃል?

ቢቀዳ። ያልቃል።

አያልቅም። የጋራው ሆድ ሁሉ ነው በዚያች ስንጥቅ በኩል የሚመጣ፣ ካምፓኒው የቆፈረው ጉድጓድ ሞልቶ ሐይቅ ሆኗል፣ ከዚያ ከፍታ ነው የሚገፋ፣ ነሐሴ ነው፣ ሦስት ጁምዓ ገመዱን አልለቀቀም፣ እናቱን ሲያስታምም፣ በሦስቱ ጁምዓ ስንት እንደጨመረ አላህ ይወቅ፣ ደግሞ ወላሂ ብሏታል፣ ከሰልዋዬ ጎን፣ ጀናዛ አይቆይም፣ ቢቀዱት፣ ቶሎ ቶሎ ቢቀዱት፣ ላህዱን፣ ሬሳው የሚያርፍበትን የጎን ጉድጓድ፣ ወደ ደረቁ በኩል ቢቦረቡሩ፣ አንድ ሰዓት ቢደርቅ፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ አፈር ከተመለሰ ማን ያያል።

ያልቃል አባ፣ ይላል። የዝናብ ጥርቅም ነው።

በሕይወቱ ስለ ውሃ የዋሸው ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ካሳ ያየዋል። ካሳ ያውቀዋል። ባልዲ ያቀብሉታል፣ የሲሚንቶ ባልዲ፣ ይቀዳል፣ ያቀብላል፣ ይደፋል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ይቆጥራል ሙህሲን፣ አሥር፣ ሰዎቹ ይፈራረቃሉ፣ ሃያ፣ የካሳ ቁርጭምጭሚት ብቅ ይላል፣ ያውልህ ይላል አንዱ፣ ጎደለ፣ ሠላሳ፣ አርባ ላይ ካሳ ወገቡን ሊያቃና ቆም ይላል፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ ውሃው ይመለሳል፣ ሳይቸኩል፣ ያው ቦታ ድረስ፣ ልክ ያው ጠጠር ድረስ፣ ሀምሳ፣ ስድሳ፣ ከሰፈር በኩል የሴቶቹ ዋይታ ይሰማል፣ አጥበው ጨርሰዋል ማለት ነው፣ ከፈኑን እያለበሷት ነው፣ ከፈኑ ነጭ ነው፣ በውሃ ውስጥ ነጭ ጨርቅ፣ ያስባል፣ አታስብ፣ ያስባል፣ ጨርቅ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ አየር ይይዛል፣ ከዚያ።

ኢንጅነር፣ ይላል ካሳ በዝግታ፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ፣ እኔ እስከ ነገ እቀዳለሁ፣ ለእትዬ ሳሊሀ እንኳን ውሃ፣ ንገረኝ ብቻ፣ ያልቃል?

ቦይ ቆፈረች እኮ። ይኼ ነው አሁን የሚመጣበት፣ ሌላ ጊዜ ያጣ ይመስል። ዘንድሮ ሰኔ ላይ እናቱን እዚህ አገኛት፣ በሰልዋ መቃብር ዙሪያ በዶማ ቦይ ታወጣለች፣ ልቧ እየደከመ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ምን እየሠራሽ ነው እማ፣ ውሃ እንዳይገባባት ነው አለች፣ ብላለች፣ በአፏ ብላለች፣ እንዳይገባባት፣ እና እሱ ምን አደረገ፣ ሳቀ፣ ወላሂ በፍቅር ነው የሳቀው፣ እማ ይሄ የላዩን ጎርፍ ነው የሚመልስ፣ የታቹ ከሥር ነው የሚመጣ፣ በአለቱ ስንጥቅ፣ ቦይ አያግደውም፣ ቆይ ላሳይሽ፣ ብሎ ስንጥር አነሳ፣ እዚያው፣ በሰልዋ መቃብር ላይ፣ እሷ ባመጣችው አዲስ አፈር ላይ፣ ሥዕል ሠራላት፣ ይሄ ጋራው፣ ይሄ ካምፓኒው፣ ይሄ ውሃው፣ በቀስት አሳያት፣ ቀስቱን ወደ ታች፣ ወደ እህቱ፣ እህቱ ናት ብሎ አላሰበም፣ ቀስት ነበረች፣ ጥሩ ሥዕል ነበረች። እናቱ አየችው። አጂብ አለች። እውቀትህ ይባረክ አለች። ከዚያ ዶማዋን አነሳችና ቦይዋን ቀጠለች።

አያግደውም ብሎ ነገራት። አወቀች። አውቃ ነው ከሰልዋዬ ጎን ያለች። ውሃ እንዳለ አውቃ። ብቻዋን እዚያ ውስጥ አትቀርም ብላ።

አያልቅም፣ ይላል ሙህሲን።

ምን አልህ? አባ ውዱ ናቸው።

አያልቅም አባ። ዋሽቼ ነው። ከጋራው ነው የሚመጣ፣ ዓመት ብትቀዱት አያልቅም፣ ዋሽቼ ነው።

ጠብቋል፣ እንዲሰድቡት፣ ሰድበውት በሆነ፣ አባ ውዱ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ ይላሉ፣ እኔ ነኝ ታች ቆፍሩ ያልሁ፣ ይላሉ፣ አያቶቼ አይቀመጥም ብለውኝ እኔ ነኝ፣ ደጅኖ እንዳይጣመም ብዬ፣ ለደጅኖ አዝኜ፣ እመቤቴን፣ ሚስታቸውን ነው እመቤቴን የሚሉ፣ ሙህሲን እጃቸውን ይይዛል፣ ሽማግሌና ልጅ ተያይዘው ይቆማሉ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያጽናና አይታወቅም።

የመስጊዱ ሼህ መጥተዋል፣ ጀናዛ ውሃ ላይ አይቀመጥም ይላሉ፣ ደረቅ ቦታ እያለ አይቻልም፣ ኑዛዜዋ ቢሆንም፣ ሙህሲን ወላሂ ብያታለሁ ይላቸዋል፣ ሼሁ እሷ ካንተ የፈለገችውን አላህ ያውቀዋል ልጄ ይላሉ፣ ወላሂህን ሦስት ቀን ጾመህ ታካክሰዋለህ፣ አሁን እሷን እናሳርፋት፣ ደረቁ የት ነው? ሁሉም ወደሱ ይዞራሉ። ደረቁ የት ነው። ያውቃል፣ እሱማ ያውቃል፣ ከሾላው በላይ ሰርቬየሮቹ የተዉት የሙከራ ቀዳዳ አለ፣ ቀጭን፣ በድንጋይ የተከደነ፣ ገመድ ለቆበታል፣ ዘጠኝ ክንድ ድረስ ደረቅ፣ አጠገቡ ያለው አለት ደግሞ የበሰበሰ ነው፣ ደጅኖ ይቀበላል። ይመራቸዋል። አፉን ከፍቶ ለምን እዚያ እንደሚሻል ሊያስረዳ ይልና ይተወዋል፣ በጣቱ ያሳያል ብቻ፣ እዚህ። ካሳ ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ደጅኖውን ያነሳል፣ አለቱ ይጮሃል። አባ ውዱ ምርኩዛቸውን ጥለው አካፋ ይዘዋል፣ ተዉ አባ ቢሏቸው አይሰሙም።

ከሰልዋ እዚህ ድረስ መቶ አርባ እርምጃ። ቆጥሮ ነው የመጣ። መቁጠሩን ማን ነው የሚያስተወው።

ጎኗን ባዶ ተዉት፣ ይላል።

ምኑን?

የግራ ጎኗን። የልጅ ቦታ ያህል። ሼህ፣ ውሃ የገባበትን ማዛወር ይቻላል አይደል? ሼሁ ያዩታል፣ ውሃ ካበላሸው ይቻላል ይላሉ ኪታቦቹ፣ ይላሉ፣ ግን አሁን አይደለም፣ አሁን ጭቃ ነው፣ አሁን ብንከፍት እናጎሳቁላታለን፣ በጋ ሲሆን፣ ሲደርቅ፣ ያኔ በክብር፣ ኢንሻአላህ። ካሳ ለምን አይልም፣ አራት ድንጋይ ይመርጣል፣ የግራ ጎኗ ላይ በአራት ማዕዘን ያስቀምጣቸዋል፣ አንዱን አንስቶ ትንሽ ሰፋ ያደርገዋል፣ ሰልዋ ረጅም ነበረች እኮ፣ ለዕድሜዋ፣ ይላል፣ ዞሮ ንፍጡን ይጠርጋል።

ከዚያ ትመጣለች። በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ፣ ይሰገድባታል፣ ትወርዳለች፣ እሱ ራሱ ወርዶ ይቀበላታል፣ ቀላል ናት፣ ሳፋ አፈር የምትሸከም ሴት እንዴት እንዲህ ትቀላለች፣ አለቱ ደረቅ ነው፣ በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ደረቅ፣ አቧራ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ልቡ ግን ይቅር በይኝ ነው የሚል፣ ደረቅ ስለሆነ ይቅር በይኝ፣ ብቻሽን ስለሆንሽ ይቅር በይኝ።

አፈር ይመለሳል።

ሰው ከቀብር ሲመለስ እጁን ይታጠባል፣ ሁሉም ወደ ኤላው ይወርዳሉ፣ አካፋውም ዶማውም ይታጠባል፣ ገመዱ አጭር ሆኗል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ባልዲው ወዲያው ውሃ ይመታል፣ ቋጠሮዎቹ በአብዛኛው ከውጭ ተጠምጥመው ቀርተዋል፣ ሙህሲን ሳይፈልግ ያያቸዋል፣ ሦስት ተኩል፣ ሲቀነስ አንድ፣ ተው። የካሳ ሚስት ከሰው ኋላ ጀሪካን ይዛ ቆማለች፣ አራስ ናት፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፣ አርባ ቀኑ ያለፈው ሰኞ ነው፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጤነኛ፣ ካሳ በየመንገዱ ይኼ የኤላ ልጅ ነው ይላል፣ ሰልዋ የጠጣችውን ሳይጠጣ የሚያድግ የመጀመሪያው ልጅ ነው ይላል።

ካሳ ባልዲውን ያዘነብልለታል፣ ሙህሲን እጆቹን ይዘረጋል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቹ መሃል ያለውን የእናቱን አፈር ይዞ ይወርዳል።

እና ኢንጅነር፣ ይላል ካሳ፣ እንዲያወራ ነው፣ ዝም ያለ ሙህሲን አስፈርቶታል፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው፣ በጋም አይጎድል ይሆን?

ሰዉ ያዳምጣል። የካሳ ሚስት ታዳምጣለች።

ግንቦት ላይ ይወርዳል፣ ዘንድሮ ግንቦት ስምንት ገብቶ ነበር፣ ስምንት ሲቀነስ አንድ ሰባት፣ ከሰልዋ ብዙ በታች፣ ያኔ ይደርቅላታል፣ ያኔ ቆፍረው ያወጧታል፣ እናቷ ጎን፣ አራቱ ድንጋይ መሃል፣ ግን አምና ግንቦት አሥራ ሦስት ነበር፣ ዘንድሮ ስምንት፣ ለከርሞ ከዝናቡ ብዛት አራት ቢሆንስ፣ ከአራት አልወርድ ቢልስ፣ እሱ ራሱ ነው ያለው፣ ድሮ የነበረበት ድረስ፣ አንዲት ስንዝር አይጎድልም፣ እንግዲያ ምን ይመኝ፣ ይውረድ ይበል፣ በጁምዓ እጁን ዘርግቶ ያ ረቢ ውሃውን አውርደው ይበል፣ ሕፃኑ እዚህ ተኝቶ፣ ጀሪካኑ እዚህ ቆሞ፣ አይውረድ ይበል፣ ሰልዋ እዚያ ሆና፣ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ከዚሁ ውሃ፣ እጁን የሚያጥበው ከዚሁ ነው፣ በዚህ አልፎ ነው እሷ ጋ የሚሄድ፣ ንገረን እንጂ ኢንጅነር፣ ሁሉም አፉን እያዩ ነው፣ ይጎድላል ይበል፣ አይጎድልም ይበል፣ እናቱ ብትሆን ቀጥል ትለው ነበር፣ ካሳ ባልዲውን እንዳዘነበለ ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ እጁ ከነጻ ቆይቷል፣ በቃኝ አይልም፣ ጨምርም አይልም…